ክዳኑን እንዳትከፍቺ

ፔርሙዙን ዛሬ ጠዋት እናቴ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። "ይሄን ለቆራሌው እንስጠው፤ ቦታ ይዞ" አለችኝ። እሁድ ነበር። በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የምሠራበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ እሁድ ይዘጋል፣ እኔ ደግሞ እሁድን አልችልበትም። ገና ሳይነጋ ተነስቼ ግቢውን ሁለት ጊዜ ጠርጌ፣ ያልቆሸሸ መጋረጃ አጥቤ፣ ቀጥሎ ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ በረንዳው ላይ ወዲያና ወዲህ ስል ነው የጠራችኝ።

ከክንድ በመጠኑ የሚያጥር፣ ቀይ አበባ የተሳለበት የጅቡቲ ፔርሙዝ ነው። አበባው በአንድ ጎኑ ተፍቆ አልቋል። የፋቅኩት እኔ ነኝ፣ ደረቴ ላይ አቅፌ ስሮጥ። ቆራሌው ከመውሰዱ በፊት አንድ ጊዜ ላሽትተው ብዬ ቡሹን ነቀልኩ። የጠበቅኩት የበሬ እግር መረቅ ሽታ ነበር፤ ያ ጮማ ጮማ የሚለው፣ እጅ ላይ ተጣብቆ የሚውለው። የወጣው ግን የአብሽ ሽታ ነው። መልሼ አሸተትኩ። አብሽ ነው። ሥጋ የሚባል ነገር የለበትም።

"እማ፣ እዚህ ውስጥ ከእግር መረቅ ሌላ ነገር ተደርጎ ያውቃል?" አልኳት።

ጀርባዋን ሰጥታኝ ልብስ ታጣጥፍ ነበር። እጇ ቆመ። ዞር ሳትል "መጋላ ሂጂና ጉበት ጠባሿን ኤዶን ጠይቂያት። እኔ ለአባትሽ ወላሂ ብዬለታለሁ" አለችኝ።

አባቴ ከሞተ ዓመት ሆኖታል። ለሞተ ሰው የተጠበቀ መሐላ ምን ይሆናል? ሻሼን ጣል አድርጌ፣ ፔርሙዙን አቅፌ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ ሳስብ የሄድኩት ይሄን ነው።

ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ትልልቆቹ ዛፎች ከሚያበቁበት ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ከሌሎች ሦስት ቤተሰቦች ጋር በምንጋራው ግቢ ነው። የሰፈሩ ቀዥቃዣ እኔ ነበርኩ። ክፍል ውስጥ ወንበሬ ላይ የምቀመጥበት ሰዓት ከምነሳበት ያንስ ነበር። ቁርዓን ቤት ገብቼ መሃል ላይ አቋርጫለሁ። የጎረቤት ልጆች ዳንቴል ሲሠሩ አይቼ እኔም ጀመርኩና እንደ ሳህን ሳይሰፋ፣ እንደ ስኒ ማስቀመጫ ሆኖ ቀረ። አንድ ቀን አስተማሪዬ እናቴን አስጠርታ፣ እኔ እዚያው ቆሜ፣ "ይህቺ ልጅ አንድ ነገር ጀምራ ስትጨርስ አይቻት አላውቅም" አለቻት። እናቴ ያንን ቃል ቤት ይዛው መጣች። ከዚያ በኋላ ሳህን ሳጥብ እንኳ አንዱን ከዘነጋሁ "ያው፣ አስተማሪሽ ያለችው" ነበር። እስቃለሁ፤ ውስጤ ግን ይቃጠል ነበር።

አባቴ ብቻ ነው በዚህ ነገር አንድም ቀን ያልተናገረኝ። ምክንያቱም እሱም ያው ነበር። የባጃጅ ሹፌር ነው። ከከዚራ ወንዙ ማዶ ወዳለው መጋላ፣ ከመጋላ ከዚራ ሲመላለስ ይውላል፤ ቤት ሲገባም ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ቆሞ ነው የሚያወራው። ጠዋት ጠዋት መጋላ ሄዶ ጉበት በላሆህ፣ ሱማሌዎቹ በሚጋግሩት በዚያ ስስ ቂጣ፣ ጠቅልሎ ይበላል። "ጉበት ያልበላ ሹፌር ፍሬን አይዝም" እያለ ይቀልድ ነበር። ከሰዓት ከጓደኞቹ ጋር ጫት ሲቀመጥ ብቻ ነው እግሩ የሚያርፈው፤ ለዚያም ሁለት ቀዝቃዛ ለስላሳ ከጎኑ ይደረደራል። ሻይ ሲሉት ደግሞ አራት ማንኪያ ስኳር። የማይወደው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ አብሽ። እናቴ ለረመዳን ሁልበት፣ ማለት አብሹን ዘፍዝፋና መትታ እንደ አረፋ የምታደርገውን ማባያ፣ ስታቀርብ ሳህኑን በሁለት ጣቱ ወደ እኔ ይገፋዋል። "ይሄ ምግብ ነው ወይስ የፀጉር ቅባት?" ይላታል። በየዓመቱ ያንኑ ይላል፣ በየዓመቱ ትስቃለች።

ሙቀቱ የበረታበት ወር ነበር። ሁላችንም አልጋችንን ግቢ አውጥተን እንተኛለን። የሱብሂ አዛን ሊል ሲል አባቴ ጮኸ። እናቴ "ጊንጥ!" ብላ ተነሳች። አንሶላውን አራገፍን፣ አልጋውን ገለበጥን፣ ባትሪ አበራን፤ ጊንጥ የለም። የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ግን ቀልቶ፣ አብጦ፣ ቆዳው ያብረቀርቅ ነበር። እናቴ አንሶላ ልታለብሰው ስትል እጇን ያዘው። እኔ ውሃ ላመጣ በአጠገቡ ስሮጥ "ቀስ ብለሽ እለፊ፣ ነፋስሽ ያመኛል" አለኝ። ከዚያ በፊት ቀስ በይ ብሎኝ አያውቅም።

በሦስተኛው ቀን የባጃጇ ባለቤት መጣች። ከዚራ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ያላት ሴት ናት፣ ክፉ ሰው አልነበረችም። እግሩን አይታ ከንፈሯን መጠጠች። "እስከ አረፋ እጠብቅሃለሁ" አለችው። "ከዚያ ግን ለሌላ ሹፌር መስጠቴ ነው፤ ባጃጅ ቆሞ ይበላሻል፣ ታውቀዋለህ።" አረፋ ሁለት ወር ያህል ይቀረው ነበር። ስትወጣ አባቴ ዓይኑን ከቀኝ እግሩ አልነቀለም። የባጃጅ ፍሬን በቀኝ እግር ነው የሚያዘው። አውራ ጣቱ አንሶላ አልቻለም፤ ፍሬን እንዴት ይችላል?

ወጌሻው ተጠራ። የሰፈራችን ሰው ነው፣ ስብራትና ውልቃት ሲያቃና የሚደርስበት አልነበረም። አባቴን ሳይነካው ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። "ስብራት የለም፣ ውልቃትም የለም" አለ። "መገጣጠሚያው ደርቆበት ነው። ቅባቱ አልቋል። የበሬ እግር መረቅ፣ ቅልጥሙ የገባበት፣ ጠዋት በባዶ ሆዱ ይጠጣ። ከላዩ ጉበት ይብላበት፤ ደም ይተካል።" ማንም አልተከራከረም። መገጣጠሚያ ሲደርቅ የመገጣጠሚያ መረቅ፤ ለእኛ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር አልነበረም። ጎረቤቶቹም ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ማን ያመጣል በየቀኑ?" አለች እናቴ።

"እኔ!" አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ቆሜ ነበር።

"ሁለት ቀን ሄደሽ ልትተዪው?"

"ትሂድ" አለ አባቴ ከአልጋው።

እንደዚያ ተጀመረ። ሳይነጋ እነሳለሁ፣ ፔርሙዙን አቅፌ እወጣለሁ። ከዚራ ዛፎቹ ሥር ጨለማው ገና አልለቀቀም፣ ትናንት የወደቀው ቅጠል እግሬ ሥር ይንኮሻኮሻል። ከዚያ ደረቁን ወንዝ እሻገራለሁ። ቀን ቀን የሚያቃጥለው አሸዋ በዚያ ሰዓት ቀዝቃዛ ነው፤ ጫማዬን አውልቄ በባዶ እግሬ እሮጥበት ነበር። ማዶ መጋላ ተነስቷል። ከመስጊዱ የሚቀራ ድምፅ፣ ከዳቦ ቤቱ የሚወጣ ሙቀት፣ በር ላይ ውሃ የሚረጩ ሴቶች። ከሁሉ በፊት የሚቀበለኝ ግን የጉበቱ ሽታ ነው፤ ሽንኩርቱና ቃሪያው በዘይት ሲንጫጫ ከሁለት መታጠፊያ በፊት ይሰማኛል።

ጉበት ጠባሿ ሱማሌ ናት። ሱማሌዎቹ አክስት ሲሉ "ኤዶ" እንደሚሉት እኔም ኤዶ ነበር የምላት፤ ሌላ ስም አላውቅላትም፤ እሷም 'አባዮ'፣ እህቴ እንደማለት፣ ትለኛለች። አባቴ ለዓመታት የበላው የእሷን ጉበት ነው። ፔርሙዙን ተቀብላ ከትልቁ ድስት እየጨለፈች ዓይኔ እያየ ትሞላልኛለች፣ ጉበቱን በላሆህ ጠቅልላ በጋዜጣ ትሸፍንልኛለች።

"ሃዬ አባዮ፣ የአባትሽ እግር እንዴት አደረ?"

"ደህና ነው፣ ትንሽ ቀንሷል።"

"ቅልጥም ጨምሬልሻለሁ። ሩጪ።"

ሩጪ! እድሜ ልኬን ቁጭ በይ ስባል ኖሬ፣ ሩጪ የሚለኝ ሰው አገኘሁ።

በስምንተኛው ቀን አባቴ ተነስቶ ግድግዳ እየያዘ ግቢውን ዞረ። በአሥረኛው ቀን ጫማ አደረገ። ወጌሻው መጥቶ ወተት ባለው ሻይ ተስተናገደ። እናቴ ለጎረቤት ሁሉ "ልጄ ናት ያዳነችው" ትል ነበር። ስለ እኔ እንደዚያ ሲወራ ሰምቼ ስለማላውቅ፣ ደግማ እንድትለው ሰው በመጣ ቁጥር አጠገቧ እዞራለሁ። መረቁንም አላቋረጥኩም፤ ሕመሙ እንዳይመለስ ብለን ቀጠልን።

በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰ። አሁን አውራ ጣቱ ብቻ አልነበረም፣ ጉልበቱም ጭምር። "ነገርየው ጠብቆበት ነው" አለ ወጌሻው፣ "ጨምሩለት።" ጨመርንለት። ጠዋት ብቻ የነበረው ማታም ሆነ። እኔ እንደ እብድ ነበር የምሮጠው። ከትምህርት ቤት ስወጣ ደብተሬን ለጓደኛዬ ወርውሬ ወደ ወንዙ። አባቴ የሰጠሁትን ሁሉ ይጠጣል፣ ጉበቱን ይበላል፣ "አልሀምዱሊላህ" ይላል፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። አንድ ቀን ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አባት ሲያለቅስ ማየት ለልጅ ከባድ ነው። እኔ ደግሞ የማውቀው መፍትሔ አንድ ነበር፤ በማግስቱ ከዚያ ቀድሜ መነሳት።

ወሩ ሲያልቅ አንድ ሹፌር ጓደኛው በባጃጅ ጭኖ ጤና ጣቢያ ወሰደው። እናቴ አብራ ሄደች። እኔ በሩ ላይ ቀርቼ እስኪመጡ ድረስ ከበሩ እስከ ቧንቧው ስመላለስ ዋልኩ። ሲመጡ "ምን አሉህ?" ብዬ ዘልዬ ያዝኩት።

"እርስዎ አለችኝ" አለ አባቴ።

"ማን?"

"ነርሷ። የመሃል አገር ልጅ ናት። 'ይቀመጡ፣ ጫማዎን ያውልቁ።' አቦ፣ በአንድ ቀን ሽማግሌ አደረገችኝ!"

ድሬ ላይ ለአያትም አንተ ነው የሚባለው። ጓደኛው በሳቅ ወደቀ፣ እኔም ሳቅኩ። እናቴ ግን አልሳቀችም። እጇ ላይ የክኒን ፓኬት ነበር። ሌላ ነገር አልነገሩኝም። እኔም ሳቁ አዘናጋኝና አልጠየቅኩም።

"ነገ ከአዛን በፊት ነው የምሄደው" አልኩት። "ኤዶ መጀመሪያ የሚወጣው መረቅ ነው ወፍራም ብላለች።"

አየኝ። ቁልፍ የሌለበት ጣቱን አሽከረከረ። "ሂጂ" አለኝ። ከዚያ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ "ትንሽ አየር ልቀበል" ብሎ በዚያው በጓደኛው ባጃጅ፣ አንድ እግሩን በነጠላ ጫማ፣ ሌላውን በባዶ አድርጎ ወጣ።

በማግስቱ ኤዶ ፔርሙዙን ተቀበለችኝና ከመጋረጃው ኋላ ይዛው ገባች። እዚያ ሞልታ አጥብቃ ዘግታ መጣች። ጉበት አልጠቀለለችም።

"ጉበቱስ?"

"ጉበት ቀረ አባዮ። ለሆዱ ከበደው። ከዛሬ ጀምሮ መረቁ ብቻ።" ጣቷን አፍንጫዬ ላይ ቀሰረች። "መንገድ ላይ ክዳኑን እንዳትከፍቺ። አየር ካገኘው ኃይሉ ይወጣል።"

አልከፈትኩም። ለእኔ ያ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ስጦታ ተጠቅልሎ ሲሰጠኝ በር ሳልወጣ የምቀድ ልጅ ነበርኩ። አሸዋው መሃል ስደርስ ስንት ቀን እጄ ክዳኑ ላይ ሄዷል! ትንሽ ብቀምስስ? ግን የአባቴ እግር ይመጣብኛል፣ አረፋ ይመጣብኛል፣ እሮጣለሁ። ቤት ስደርስ እናቴ በር ላይ ተቀብላኝ ወደ አባቴ ክፍል ይዛው ትገባለች። ዕቃውን ራሷ ነው የምታጥበው፤ "አንቺ ትሰብሪዋለሽ" ትለኛለች።

ቤታችን ውስጥም ሌላ ነገር መለወጥ ጀመረ። የስኳር ጣሳው ከጠረጴዛው ጠፍቶ የላይኛው መደርደሪያ ላይ ወጣ። ለጫቱ የሚገዛው ለስላሳ ቀረና በምትኩ አንድ ትልቅ ጀሪካን ውሃ ከአባቴ ራስጌ ቆመ፤ እናቴ በየሰዓቱ "ጠጣ" ትለዋለች። ሥጋ ከወጣችን ወጣ። ምስር፣ ጎመን፣ ካሮት፣ እርጎ፣ ደግሞ ምስር። አባቴ ከሳ፣ ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳ። እኔ ያሰብኩት ሌላ ነው፤ ተቸገርን ብዬ። አባቴ አይሠራም፣ ባጃጇ ልትወሰድ ነው፣ ሥጋና ስኳር መግዣ ጠፋ። እናቴን ስጠይቃት "ሥጋ ተወደደ" ትለኛለች። ተጨነቅኩ። የጫማዬ ሶል መቀደዱን ደበቅኩ፣ ካርቶን አድርጌበት ነበር የምሮጠው። በዚያ ወር እኔ ካልሮጥኩ ቤታችን የሚፈርስ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ከመጋላ ስመለስ ወጌሻው አባቴ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። እግሩ ጎድሏል፣ ቅላቱ ጠፍቷል፤ ወጌሻው ያንን እያየ ይኮራል።

"ምን ነበር ያልኳችሁ? መረቅ ነው!" አለ። ወደ ፔርሙዙ እጁን ዘረጋ። "እስኪ አንቺ፣ ቅጂልኝ ልቅመስላችሁ። ቅልጥሙ በደንብ ገብቶ እንደሆነ በመዓዛው አውቀዋለሁ።"

እናቴ ደጅ ነበረች። እኔ ደስ ብሎኝ ክዳኑን ልፈታ ስል አባቴ ከእጄ ነጠቀኝ። በዚያ እግሩ ከአልጋው ሲነሳ አላየሁም፤ ብቻ ፔርሙዙ እጁ ላይ ነበር። ቡሹን በጥርሱ ነቅሎ፣ የሚያቃጥለውን ሁሉ፣ ሳይተነፍስ፣ እስከ ታች ጠጣው። ከዓይኑ ውሃ ወረደ። ከንፈሩ ቀላ። ባዶውን ፔርሙዝ ደረቱ ላይ አቀፈው።

"ይቅርታ ወንድሜ" አለው፣ "ልጄ ያመጣችውን ለማንም አላጋራም።"

ወጌሻው በሳቅ ተንከተከተ። እኔ ያን ቀን ትምህርት ቤት የሄድኩት በአየር ላይ ነው ብል ይቀላል።

አረፋ ደረሰ። አጎቴ በግ አረደ። ጉበቱ መጀመሪያ ከሰሉ ላይ ወጣ፣ ግቢው በመዓዛው ተሞላ። የአባቴን ድርሻ ሳቀርብለት ሳህኑን ይዞ ትንሽ አሸተተው፣ ከዚያ በሁለት ጣቱ ወደ እኔ ገፋው። "እኔ በመረቅሽ ጠግቤያለሁ" አለኝ። በሦስተኛው ቀን የባጃጇ ባለቤት ቁልፉን ይዛ በር ላይ ቆመች። ግቢው ሁሉ ወጣ። አባቴ ገብቶ ተቀመጠ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ ቀኝ እግሩን ፍሬኑ ላይ አስቀመጠ። ፊቱን ነበር የማየው። ረገጠ። ፊቱ አልተለወጠም። ደግሞ ረገጠ።

"ይዛለች!" አለ።

ከኋላ ጫነኝና ከዚራን በሙሉ ዞርን፣ በዛፎቹ ሥር፣ ጥላና ፀሐይ እየተፈራረቀብን። በመስታወቱ እያየኝ "ይሄ እግር የአንቺ ሥራ ነው" አለኝ። ካቆመኝ በኋላም ሮጥኩ፤ ደስታው ቁጭ አላደርግ ብሎኝ።

ከዚያ በኋላም አንድ ዓመት ሙሉ ተመላለስኩ። በረመዳን ወደ ማታ አዞርኩት እንጂ አንድም ቀን አላቋረጥኩም። አንድ ቀን አባቴ ፔርሙዙን ከእጄ ተቀብሎ ጠጥቶ ሲጨርስ ክዳኑን ገጠመው። "በቃ፣ ድኛለሁ" አለኝ። "ጀመርሽ፣ ጨረስሽ። ለአስተማሪሽ ንገሪያት።" ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ራሱ ነው ያስቀመጠው። እኔም ለአስተማሪዬ ነገርኳት፣ እውነቴን ነው። በዚያ ዓመት ዳንቴሉን እንደገና ጀምሬ ጨረስኩ። ዛሬ ፋብሪካ ውስጥ እጅጌው ያልገጠመ፣ አንገትጌው የተጣመመ ሥራ ሲኖር ወደ እኔ ነው የሚመጣው፤ ተቆጣጣሪዋ "ለእሷ ስጧት፣ እሷ ትጨርሰዋለች" ስትል በሰማሁ ቁጥር የማስበው ያንን ፔርሙዝ ነው። አባቴ ባለፈው ዓመት ሞተ። ሌላ በሽታ ነው፣ አሥራ አንድ ቀን ብቻ ተኝቶ። እስከዚያ ድረስ ይነዳ ነበር።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ ነው መጋላ የገባሁት። ኤዶ አርጅታለች። ምጣዱ ጋ ያለችው ልጇ ናት፣ እሷ በር ላይ ወንበር አውጥታ ተቀምጣለች። መጀመሪያ ያወቀችው እኔን አይደለም፣ ፔርሙዙን ነው። ቀይ አበባውን በጣቷ ነካችው።

"አባዮ!" አለች። ከዚያ፣ ልክ ትናንት እንደተለያየን ሁሉ፣ "የቱን ልሙላልሽ? የሥጋውን ነው የአባትሽን?"

"የአባቴን?" አልኩ። ፊቴን አይታ አፏን በሻሿ ያዘች። "እናትሽ አልነገረችሽም እንዴ?"

አጠገቧ ቁጭ በይ አለችኝ፤ አልቻልኩም፣ ቆሜ ሰማኋት። ከጤና ጣቢያ በተመለሰበት ቀን ማታ፣ አንድ እግሩን ባዶ አድርጎ፣ አባቴ ወደ እሷ ነበር የመጣው። ነርሷ ደሙን አይታ ሪህ ነው ብላዋለች። ጉበቱ፣ ኩላሊቱ፣ የእግር መረቁ፣ ያ ሁሉ ለስላሳ፣ ደሙ ውስጥ ያለውን አሲድ የሚያበዛበት እሱ ነው። ክኒኑን ሳታቋርጥ ዋጥ፣ ውሃ ጠጣ፣ እነዚህን ተው ብላዋለች፤ አንዱ ያለሌላው አይሆንም ብላ።

"ታዲያ ለልጅቷ ንገራት አልኩት" አለች ኤዶ። "'አልነግራትም' አለኝ። 'ይህቺ ልጅ ጀምራ ጨርሳ አታውቅም ይሏታል። ይሄን ጀምራለች። እኔ አላስቆማትም።' 'ምን ልሙላላት ታዲያ?' ስለው፣ 'ያለሽን፤ ብቻ ትኩስ ይሁን፣ ሲይዙት ከባድ ይሁንላት' አለኝ። እኔ ጠዋት ጠዋት ለራሴ የማፈላው የአብሽና የምስር ሾርባ ነበር። እሱን ሞላሁልሽ።"

"አባቴ አብሽ አይወድም" አልኩ። ድምፄ እንደ ልጅ ሆኖብኝ።

"ነግሮኛል" አለች። "ያንን ሲነግረኝ ስቋል።"

አፈርኩ። አንድ ወር ሙሉ፣ ጠዋት፣ ኋላም ማታ ጭምር፣ እየሮጥኩ የወሰድኩለት ሕመሙን ነበር። ኤዶ አየችኝና እጄን ያዘች። "አንቺ ብቻ አይደለሽም፤ አብሳይዋ እኔ ነኝ" አለችኝ። ከዚያ ፔርሙዙን ከእጄ ወሰደች። "የቱን?"

"የአባቴን።"

ከመጋረጃው ኋላ ገባች። ሞልታ፣ አጥብቃ ዘግታ አመጣችልኝ። በዚህ ጊዜ ክዳኑን እንዳትከፍቺ አላለችኝም።

ደረቁ ወንዝ መሃል ስደርስ ፀሐይ ወጥታለች፣ አሸዋው ግን ገና አልጋለም። ጫማዬን አወለቅኩ። በስንት ዘመኔ ቁጭ አልኩ፣ እዚያው አሸዋው ላይ። ክዳኑን ፈትቼ ቡሹን ነቀልኩና ቀመስኩት። ይመራል። ቀጭን ነው፣ ጨው የለውም፣ አብሹ ከጉሮሮ አልወርድ ይላል። ይሄን ነው ከአንድ ዓመት በላይ፣ በየጠዋቱ፣ እኔ በር ላይ ቆሜ እየጠበቅኩ፣ ጠጥቶ፣ ከንፈሩን ጠርጎ "ምን ዓይነት መረቅ ነው!" ይለኝ የነበረው።

አለቀስኩ። ከዚያ፣ እያቃጠለኝም፣ ሳልነሳ፣ እስከ ታች ጠጣሁት።